በጠመኔ የተሠራ ግድግዳ

ፊሽካው ሲጮህ እናትየዋ የሚጨስ ድስት እንደያዘች ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ቁሚ!» አሉ አያትየው ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ቀኝ መዳፋቸውን ወደፊት ዘርግተው። «ግድግዳ ጥሰሽ ልታልፊ ነው!»

«ኧረ አባባ፣ ድስቱ እያቃጠለኝ እኮ ነው!»

«ቢያቃጥልም በበር ነው የሚገባው። በሩ በዚያ በኩል ነው።»

እናትየዋ ወደ እግሯ አየች። ግድግዳ የተባለው ወለሉ ላይ የተሰመረ ነጭ የጠመኔ መስመር ነው። ምግብ ጠረጴዛው ከመስመሩ ማዶ፣ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ላይ ነበር። ቢሆንም ተመለሰች፣ ሶፋውን ዞረች፣ መስመሩ መሃል ላይ ክፍት በተተወው «በር» ገባችና ድስቱን አስቀምጣ ጣቶቿን እፍ እፍ አለች።

ኢንጂነሯ ሳቋን በትራስ አፈነች። ኢንጂነር የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ በሒሳብ ፈተና አንድ ጊዜ ጥሩ ውጤት አመጣችና ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ነገር ሁሉ፣ የቧንቧም ይሁን የወንበር እግር፣ ወደ እሷ ይመራል።

የቤቱ ችግር ለሁሉም ግልጽ ነበር። አንድ ትልቅ ሳሎን አለ፤ ከጀርባው ደግሞ እናትና አባት ከትንሹ ወንድሟ ጋር የሚተኙበት አንድ ጠባብ መኝታ ቤት። ኢንጂነሯ የምትተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው። እንግዳ ከመጣ አልጋዋ ላይ ይቀመጣል፤ እንግዳው ወሬው ካላለቀለት እሷም እንቅልፏ አይመጣም። እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ሳሎኑ ጥግ የሚተኙት አያቷ ማንኮራፋት ይጀምራሉ። የአያትየው ማንኮራፋት ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ነው፤ መሃል ላይ ማርሽ ይቀይራል።

ስለዚህ ሳሎኑን ከፍሎ ሁለት ክፍል ለማውጣት ተወሰነ፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለአያቷ። ፕላኑን መጀመሪያ ያወጣው አውቶቡስ ነጂው አባቷ ነበር። «ቤት ማለት እንደ አውቶቡስ ነው። ለሁሉም ወንበር፣ መሃል ለመሃል ደግሞ ሰፊ መተላለፊያ» ብሎ ሳለና መተላለፊያው ቤቱን ግማሽ በላው።

እናትየዋ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። «እዚህ ክፍል ውስጥ የሚተኛው ሰውዬ ታጥፎ ነው ወይስ ተንጠልጥሎ?»

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ሳይለካ የተቆረጠ ጨርቅ ስንት እንባ እንዳስነባት ታውቃለች። «ልብስ ሰው ላይ ተለክቶ ነው የሚታረመው፤ ቤትም እንደዚያው ነው» አለችና የስፌት ጠመኔዋን አውጥታ ክፍሎቹን ወለሉ ላይ አሰመረቻቸው። ግንበኛው እስኪመጣ ድረስ ቤተሰቡ በጠመኔው ቤት እንዲኖር አዘዘች። «የማይመች ነገር ካለ አሁን ይታይ። ጠመኔ በጨርቅ ይጠፋል፤ ብሎኬት በመዶሻ ነው።»

ሐሳቡ ግሩም ነበር። ጥፋቱ አያትየው ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ መሆናቸውን መርሳቷ ነው። መስመር የተሰመረበት ወለል ሲያዩ አሮጌ ፊሽካቸውን ከሳጥን አወጡ። አባትየው ጫማውን «ከግድግዳው» መሃል አስቀምጦ በመገኘቱ ተቀጣ። «ልጄ ብትሆንም ሹፌር ነህ» አሉት። ከእጃቸው ያመለጠው ትንሹ ብቻ ነው። ከክፍል ክፍል እየበረረ «እኔ ንፋስ ነኝ! ንፋስ ግድግዳ አይዘውም!» ሲል ፊሽካውም አላስቆመውም፤ ንፋሱ የሚል ስም ወጣለት።

ኢንጂነሯን የከነከናት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ክፍሎች ባረፉበት በኩል ያለው መስኮት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የደረሰው ለአያቷ ነው። አያትየው ከቁርስ በኋላ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው መንገዱን ይቆጣጠራሉ። «ያንን እዩት! ፍሬቻ ሳያበራ ታጠፈ! መንጃ ፈቃዱን ዘመዱ ነው የሰጠው!» የእሷ ክፍል ግን አራት ግድግዳ ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ክፍል ሲመጣ እንደ ዕቃ ቤት ጨለማ ሆኖ መጣ። ተናደደች፤ ግን ለአያቷ የደረሰውን መስኮት እንዴት አፍ አውጥታ ትጠይቅ?

አፍ ባታወጣም እጅ ነበራት። ወለሉን መወልወልና የጠፋውን መስመር ማደስ የእሷ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ውልወላ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውን መስመር ስታድስ ወደ አያቷ በኩል በትንሹ፣ በጫማ ስፋት ያህል አለፈች። ማንም አላየም። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ ቤት በእግሩ የሄደው ግድግዳው ነው። የመስኮቱ ጠርዝ ወደ እሷ ገባ፣ ከዚያ ግማሹ። የአያትየው አልጋ ግድግዳ እንዳይነካ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይገፋ ነበር። ራሳቸው ይገፉታል፤ ለምን ብለው ግን አይጠይቁም።

አንድ ምሽት አባትየው ራት ላይ «አባባ፣ ሰሞኑን ሹፌር ሁሉ ጨዋ ሆነ እንዴ? ሲሳደቡ አልሰማሁም» አለ።

አያትየው «አይታየኝም» ብለው ማኘካቸውን ቀጠሉ። ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል ብላ ኢንጂነሯ ራሷን አሳመነች።

ግንበኛው ነገ ሊመጣ ዛሬ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት እየተጣደፈች የመጨረሻውን ግፊት ገፋች። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ የእሷ ሆነ። በመንገድ ላይ ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር አስቀመጠች፣ መጋረጃም መረጠች፤ ያው በሐሳቧ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። አያቷ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው።

«አባባ፣ ምሳ በሉ?»

«አልበላሁም።»

«እማዬ ወጥ ቤት አስቀምጣልዎት ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል።»

«ታዲያ ለምን አልበሉም?»

አያትየው በአገጫቸው ዙሪያቸውን አመለከቱ። «በር የለኝም።»

ኢንጂነሯ ወለሉን አየች። የአያቷ በር ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነበር። መስመሩን ስትገፋ ዓይኗ ያለው መስኮቱ ላይ ብቻ ስለሆነ በሩም አብሮ ወደ እሷ መጥቷል። አሁን የእሷ ክፍል ሁለት በርና አንድ መስኮት አለው። አያቷ ዙሪያውን በተዘጋ የጠመኔ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አባባ! ጠመኔ እኮ ነው! ረግጠውት አይወጡም?»

«ዕድሜዬን ሙሉ መስመር የጣሰ ሹፌር ሁሉ ‹ቀለም እኮ ነው› ይለኝ ነበር። እኔም እንደነሱ ልሁን?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የተቀመጡት?»

«እናትሽ የሰፋችውን ለማድረስ ከወጣች ጀምሮ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኢንጂነሯ፣ ምሳውስ ይቆይ። ሽንት ቤቱም በዚያ በኩል ነው።»

ቦርሳዋን ጥላ በጫማዋ ሶል መስመሩን ፈገፈገች፤ በር ተከፈተ። አያትየው ተነሡ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ በክብር ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ከዚያ ሮጡ።

ኢንጂነሯ ሳቋ መጣና መሃል ላይ ቀረ። በአያቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ላይ ምንም ያልተሰቀለበት አንድ ምስማር። ያ ብቻ ነው። መስኮቱ ከኋላዋ ነው፤ አንገቷን ብታዞር መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አያቷ ግን አልዞሩም። በግድግዳ ውስጥ መኪና አይታይማ። ሰሞኑን ሁሉ እኚህ ሰው ምስማር ሲያዩ ነው የዋሉት። ፊቷ እስኪግል ድረስ አፈረች።

አያትየው ሲመለሱ በጫማ የተከፈተው በር ላይ ቆመው «ይቻላል?» አሉ።

«አባባ፣ መስመሩ ቦታ እንደቀየረ አውቀዋል አይደል?»

«ቆሟል የተባለ ነገር ሲንቀሳቀስ ማየት እኮ ሥራዬ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? ፊሽካ እንኳን አልነፉብኝም።»

«ግንበኛው ነገ አይደል የሚመጣው? ለመመለስ ጊዜ ያለው ሰው ላይ ፊሽካ አይነፋም።» ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ደግሞ ለጥናት ብርሃን ያስፈልጋታል ብዬ አሰብኩ። መስኮቱን ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። በሩን ግን ምን ቆርጦኝ!»

አላስቻላትም፤ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቀች። ከዚያ ምሳቸውን አምጥታ ሰጠቻቸውና መወልወያውን ነከረች። መስመሩን እስከ መጨረሻው አጠፋችው። አዲሱን ስታሰምር እንዳይጣመምባት ከእናቷ የስፌት ሣጥን ክር ወሰደች፤ አንዱን ጫፍ አያቷ ያዙላት፣ በሌላ እጃቸው እየጎረሱ። መስመሩ እናቷ መጀመሪያ ያሰመረችበት ቦታ ላይ አረፈ።

በማግስቱ ግንበኛው መጣ። ከሰውየው በፊት ድምፁ ነው የሚገባው። «እኔ የሠራሁትን ግድግዳ የልጅ ልጅ ልጅ ያየዋል!» እያለ ዞረና የኢንጂነሯ ክፍል ላይ ቆመ። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ዕቃ ቤት?»

«የእኔ ክፍል ናት» አለች ኢንጂነሯ።

እናትየዋ ትኩሱን መስመር አየች፣ ቀጥሎ የልጇን ነጫጭ ጣቶች አየች። ልብስ ሰፊ የተፈታና እንደገና የተሰፋ ነገር አያመልጣትም።

«ጨለማ ናት እኮ» አለ ግንበኛው።

ኢንጂነሯ ሌሊቱን ያሰበችበትን ተናገረች። «ግድግዳው እስከ ጣሪያ ባይደርስስ? ከላይ ትንሽ ክፍት ቢተው ከአባባ መስኮት ብርሃን አይመጣም?»

ግንበኛው ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ልጅቷን አየ። «ይመጣል። ግን ልብ በይ፤ የሚመጣው ብርሃን ብቻ አይደለም። ድምፁም አብሮ ነው።»

ሁሉም ወደ አያትየው ዞሩ።

«ምን ታዩኛላችሁ? እኔ አላንኮራፋም» አሉ።

«አባባ፣ አንዳንዴ እኮ ሞተር ያላጠፋሁ መስሎኝ ተነሥቼ ወደ ግቢ እወጣለሁ» አለ አባትየው። ንፋሱ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ፣ በሁለት ክፍሎች በኩል።

ግንበኛው የመጀመሪያውን ብሎኬት መስመሩ ላይ አስቀመጠ። «ተናገሪ ኢንጂነር፤ እስከ ጣሪያ ልዝጋው ወይስ ይግባ?»

ኢንጂነሯ ጸጥታ ታሰባት። በሩን ዘግታ፣ ምንም ሳትሰማ የምትተኛበትን ያን ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። ከማዶ አያቷ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል።

«ያንን እዩት!» ብለው ጮኹ። «መንገዱ የአባቱ መሰለው!»

«ይግባ» አለች።