ኮሌታው ከፍ ይበል

«ኮሌታው ከፍ ይበል።»

ኪቲላ ለሳያት የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

ኦሮሚያ ክልል ከሆነች ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ በየከተማው የወጣቶች ኪነት ቡድን እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነበር። የመቱ ወጣቶችም ስለ አንድ የድሮ የጎሬ ቡና ነጋዴ ቲያትር አዘጋጁና ልብስ እንዲሰፉላቸው ጋሼ ሰይፈዲንን ለመኑ። ገበያው ዳር የስፌት ቤት የነበራቸው ጋሼ ሰይፈዲን ሥራውን ለሳያት ሰጧት። ሳያት ከልጅነቷ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ስፌት የተማረች፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች።

«የእኔ ዓይን ደክሟል» አሏት። «አንቺ ደግሞ ሰው ስታለብሺ ፊትሽ ይበራል።»

ነጋዴውን ሆኖ የሚጫወተው ኪቲላ ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ ገና ከደጅ ሲናገር ድምፁ ቤቱን የሚሞላ ልጅ። ሳያት ሜትሯን ይዛ ስትጠጋው ወደኋላ ሸሸት አለ።

«ጋሼ ያሳዩኝ የድሮ ፎቶ ላይ የነጋዴዎቹ ሸሚዝ ኮሌታ የለውም» አለችው።

«የእኔ ይኑረው።»

«ሰው ይስቅብሃል።»

«ይሳቅብኝ።»

ተናደደች። ጥጋበኛ መሰላት። ተንጠራርታ ሜትሩን በአንገቱ ዙሪያ ስታሳልፍ ግን ጣቷ ከጉሮሮው በታች እብጠት ነካ። እንቅርት ነበር። በኢሉባቦር አገር እንቅርት ያለበት ሰው ማየት ብርቅ አይደለም፤ ሕዝብ ፊት ለሚቆም ወጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

«አየሽው» አለ ኪቲላ፣ ያ ትልቅ ድምፅ አንሶ።

«ምኑን?» አለች ሳያት። «ኮሌታው ምን ያህል ከፍ ይበል? እሱን ንገረኝ።»

ኪቲላ ቀና ብሎ አያት። ፍቅሩ የጀመረው ያኔ ነው... በኋላ እንደነገራት።

ቲያትሩ በታየበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሳያት ኮሌታውን በጥቁር ጨርቅ ከፍፋ፣ ጠንከር አድርጋ አቁማው ስለነበር ሰዉ ሁሉ የጎሬ ነጋዴ ድሮ እንዲህ ይለብስ ነበር ብሎ አመነ። ከዚያ ወዲያ የመቱ ጎረምሳ ሁሉ ኮሌታውን አቁሞ መሄድ ጀመረ። ሁለቱ ይህን ባዩ ቁጥር እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ።

ቡድኑ በጭነት መኪና ሆኖ ጎሬ ይሄዳል፣ ሁሩሙ ይሄዳል። አንድ ቀን ከጎሬ ሲመለሱ ዝናቡ ወረደባቸው። ኪቲላ ጃኬቱን አውልቆ የልብሱን ጆንያ ሸፈነበት።

«ኧረ ይበርድሃል» አለችው። «ልብሱ ይደርቃል እኮ።»

«አንቺ የሰፋሽው ነው።»

«ሌላ እሰፋለሁ።»

«ሳያት፣ መድረክ ላይ ስቆም አልፈራም» አላት። «አንቺ ፊት ስቆም ነው የምፈራው።»

ሳያት ከጆንያው አንድ ጋቢ ጎትታ አወጣችና ሁለቱም ከሥሩ ገቡ። መቱ እስኪደርሱም እንደተጠጋጉ ቆዩ።

በዓመቱ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የቲያትር አዘጋጅ ጎሬ ላይ ሥራቸውን አየ። ሳያትን አልባሳት ክፍል ሊያስቀጥራት፣ ኪቲላን ደግሞ ለፈተና ሊያስቀርበው ቃል ገባ። ከተማው ሁሉ ደስ አለው። ኪቲላ ግን ከዚያ በፊት ጅማ ሄዶ መታከም ፈለገ። እንቅርቱ እያደገ፣ ሲተነፍስ እያስጨነቀው ነበር። ለሳያት ይህን አልነገራትም።

«አንቺ ቅደሚ» አላት። «መስቀል ሲያልፍ እመጣለሁ።»

«ትመጣለህ?»

«ካልመጣሁ ድምፄ ይጥፋ» አላት እየሳቀ። ወጣት ናቸው፤ ሰው በወጣትነቱ እንዲህ ይላል።

መስቀል አለፈ። ኪቲላ አልመጣም። ገና ሲቃረብ የቡድኑ ከበሮ መቺ ጉቱ ለጉዳይ አዲስ አበባ መጥቶ ቲያትር ቤት ድረስ ፈለጋት። መሬት መሬት እያየ፣ «አትጠብቂኝ ብሏል» አላት።

«ምን አደረግኩት?»

«እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ እቴ።»

«ሌላ ሴት አለችው?»

ጉቱ አልመለሰም። ሳያትም ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠረችው። ያን ቀን በሩን ዘጋችው። ከመቱ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ኪቲላ እንዳያነሳባት አስጠነቀቀች። እናቷንም ወደ እሷ ዘንድ አመጣች፤ አገሯ ላይ ሌላ የቀራት ሰው አልነበረም።

ሥራዋ ግን አልከዳትም። በቲያትር ቤት ከሩቅ የሚታይ ልብስ መሥራትን ተማረች፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ንጉሡን ከአሽከሩ በልብሱ መለየት አለበት። ወደ ፊልም ስትሻገር ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ካሜራ ቀርቦ ያያል፤ አዲስ ልብስ ይዋሻል። ስለዚህ ሸማውን በሻይ ነከረች፣ በድንጋይ አሸች፣ ክርኑን አሳሳች። «ሳያት ያለበሰችው ሰው ልብሱ ውስጥ የኖረ ይመስላል» ተባለላት። አንድ የካሜራ ባለሙያ አገባች፤ ትዳሩ አልሰመረም፤ በሰላም ተለያዩ።

ኦፔራ ደግሞ ሳታስበው መጣ። ጀርመን አገር ያለ አንድ የኦፔራ ቤት የአንዲት የሐበሻ ንግሥት ታሪክ ሊያሳይ አስቦ የአገሩን ልብስ የሚያውቅ ባለሙያ ሲፈልግ፣ ፊልሟን ያየ ሰው ስሟን ጠቆመ። እዚያ ሌላ ትምህርት ገጠማት። ዘፋኝ ሲዘፍን ጎኑ ይሰፋል፤ ልብሱ አብሮት መተንፈስ አለበት። ንግሥቲቱን የምትጫወተው ሴት ልኳን ስታስወስድ ሁለት እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ምንም ጨርቅ አይንካኝ፤ ሕይወቴ እዚህ ነው» አለቻት።

ሳያት መቀሷን አስቀምጣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አሏት።

«ጉንፋን ነው» አለች።

ዓመታት ነጎዱ። ሃያ ዓመት ቢያልፍ እንጂ አያንስም፤ አንድ የፊልም ቡድን የድሮ ታሪክ ሊቀርጽ ጎሬ ሲወርድ የአልባሳት ኃላፊዋ ሳያት ሆነች። መንገዱ መቱን አቋርጦ ያልፋል። ከተማው ሰፍቷል፤ ባጃጁ ይርመሰመሳል፤ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። የጋሼ ሰይፈዲን ስፌት ቤት የሞባይል ሱቅ ሆኗል፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። ሳያት መኪናውን አስቁማ ጥቂት አየችና፣ «እንሂድ» አለች።

ጎሬ ላይ ሕዝብ ሆነው የሚታዩ የአገሬውን ሰዎች ስታለብስ፣ አንድ ራሱ የሸበተ ሰው ቀርቦ አንገቱን ደፋ።

«ሳያት፣ አላወቅሽኝም። ጉቱ ነኝ።»

እጇ ላይ የነበረው ካባ ወደቀ። ጉቱ አንስቶ ሰጣት።

«ኪቲላ አስምሎኝ ነበር» አላት ሳትጠይቀው። «አሁን ግን አርጅቻለሁ፤ ይዤው መሞት አልፈልግም። ያኔ ጅማ ሄዶ ተቆረጠለት። እንቅርቱ ሥር ሰዶ የድምፁን ጅማት አንቆት ነበር። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉለት፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ሌላ ሴት አልነበረችም፣ እቴ። ድምፅ የሌለው ተዋናይ ይዘሽ እንዳትቀሪ ብሎ ነው።»

«አሁን የት ነው?»

«ሁሩሙ። ንብ ያረባል።»

በገበያ ቀን ሁሩሙ ሄደች። ኪቲላ በማር የተሞሉ ባልዲዎች ፊቱ ደርድሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። ቀና ሲል አያትና ቀስ ብሎ ተነሳ። አፉ ሲንቀሳቀስ ስሟን እንደጠራ ገባት። የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ኮትህ ሰፍቶሃል» አለችው። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«ከስቼ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ሥራሽን ትተሽ ትመለሻለሽ።»

«እመለስ ነበር።»

«እኮ።»

«እኮ አትበለኝ፣ ኪቲላ። በእኔ ነገር ብቻህን ወሰንክ። አንተ ደግ ሥራ የሠራህ መስሎሃል። እኔ ግን የተጠላሁ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ስንት ሰው ወደድኩሽ ሲለኝ አላመንኩም።»

ኪቲላ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እንድትሰማው ጠጋ አለ።

«አንዴ አዲስ አበባ መጥቼ ነበር። ያንቺን ልብስ በመድረክ አየሁ። ሲያልቅ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ። ከሰዎች ጋር እየሳቅሽ ወጣሽ። ስምሽን ጠራሁ። ደጋግሜ ጠራሁ። ጫጫታ ነበር... አልሰማሽኝም።»

ሳያት ገበያው መሐል፣ የማር ባልዲዎቹ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የገበያው ሴቶች ዞር ብለው አዩ፤ አንዷ በኦሮምኛ ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀች። ኪቲላ ጎንበስ ብሎ ክንዷን ያዛት።

ቀረጻው እስኪያልቅ በየእረፍቷ ሁሩሙ ትመላለስ ጀመር። ቀፎዎቹ የተሰቀሉባቸውን ዛፎች አሳያት።

«ንብ የሚጮህ ሰው አትወድም» አላት። «ከእኔ ጋር ተስማምተናል።»

ሚስት አግብቶ እንደነበር፣ ጥሩ ሴት እንደነበረች፣ እንደሞተችበትም ነገራት። እሷም የራሷን ነገረችው። ያለፈውን ሁሉ አወጡ፤ የተኮራረፉበት ቀንም ነበር። ሳያት ቁጣዋ በአንድ ገበያ ውሎ አልበረደላትም።

ቀረጻው ሊያልቅ ሲል ከጀርመን ተደወለላት። ያው ቤት ለአዲስ ኦፔራ ይፈልጋታል፤ ለስድስት ወር። ሁሩሙ ሄዳ ነገረችው። ኪቲላ የያዘውን የንብ ማጨሻ መሬት አስቀመጠ።

«ሂጂ» አላት።

ፊቷ ጠቆረ። «አውቄው ነበር» አለች። «ደግሞ ሂጂ።»

«አልጨረስኩም» አለና ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ሂጂ፤ ሥራሽ ነው፤ ደስ ይለኛል። ግን ተመለሽ። እለምንሻለሁ፣ ተመልሰሽ ነይ። ያኔ ማለት የነበረብኝ ይሄን ነበር፤ ኮራሁና ዋጥኩት። ጠብቂኝም ማለት ነበረብኝ።»

ሳያት ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣለችና ቆየች።

ያን ስድስት ወር በስልክ ተነጋገሩ። የእሱ ሹክሹክታ በስልክ አይሰማምና ተናጋሪዋ እሷ ነበረች። ስለ በረዶው፣ ስለ ዘፋኞቹ፣ ስለምትሰፋው ካባ ታወራለታለች። እሱ አዎ ሲል አንዴ፣ አይ ሲል ሁለቴ ስልኩን በጥፍሩ ይመታል። «ናፈቅኩህ?» ስትለው መምታቱን አያቆምም። እሷም ባዕድ አገር፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትስቃለች።

ሥራው አልቆ የመጋቢት ዝናብ ሲጀምር ተመለሰች። ሠርጋቸው መቱ ሆነ፤ ዳሱ ትንሽ፣ እንግዳው ጥቂት፤ ጉቱ ከበሮውን ይዞ መጣ። ሳያት ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲጠራት ትሄዳለች፤ ሲያልቅ ትመለሳለች። በመሐል የመቱ ወጣቶችን ልብስ ቀዶ መስፋት ታስተምራለች።

የሠርጉ ዕለት ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲጨርሱ፣ «እስቲ ሙሽራው ቃል ይናገር» ተባለ። ዳሱ ጸጥ አለ። ኪቲላ ተነስቶ ሰዉን አየ። አፉን ከፈተና ተወው። ከዚያ ወደ ሳያት ዞሮ ጎንበስ አለና በጆሮዋ ረጅም ነገር አወራላት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው።

«ምን አለ? ለእኛም ይሰማ እንጂ» አሉ ከኋላ ያሉት።

ሳያት እንባዋን ጠረገችና ፈገግ አለች።

«ለእኔ የተነገረ ነው» አለች።