በአውራ ጣት የተቆጠረ

ይህን የምጽፈው ላስደነግጣችሁ አይደለም። በእርግጥ የደረሰ ነገር ነው፤ ለማሳመን ግን አቅም የለኝም። ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የመለማመጃ ክፍሉን አልጋ ታቃጥላለች።

የነርስ ተማሪዎችን ፓቶፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ሰውነት ሲታመም ውስጡ ምን እንደሚሆን። ዘጠኝ ዓመት ባሕር ማዶ የተማርኩት እሱኑ ነው። የተመለስኩት ግን ለታላቅ እህቴ ብዬ ነው። ልቧ ደካማ ነው። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ያን ቀን ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ሰው ስለጠፋ እሷን ይዣት መጥቼ አልጋው ላይ አስተኛኋት።

"እትዬ፣ ይወጉኛል ብለሽ እንዳትፈሪ።"

"አንተን ያሳደግኩ ሴትዮ መርፌ ልፈራ?"

ተማሪዎቹ ሳቁ።

"ልብ ሲደክም ሰውነት ዳሩን ትቶ መሃሉን ያድናል" አልኳቸው። "መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው እጅና እግር ነው።"

አምስቱም ተማሪዎች በየተራ የልብ ምቷን ቆጥረው ሰሌዳው ላይ ጻፉ።

ሰባ ሁለት... ዘጠና... ስልሳ ስድስት... ሰማንያ አራት... ዘጠና ስምንት።

ተኝቶ ያረፈ ሰው ምት በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንዲህ አይዘልም።

የመጨረሻዋን ልጅ እጅ አየሁ። እህቴን የያዘቻት በአውራ ጣቷ ነው። ሌሎቹንም ጠየቅኳቸው። ሁሉም እንደዚያው።

የጀማሪ ስህተት ነው። አውራ ጣት የራሱ ምት አለው። በእሱ የቆጠረ ሰው የገዛ ልቡን ይቆጥራል።

"የቆጠራችሁት ራሳችሁን ነው!"

"ታዲያ የእሳቸው ስንት ነው?" አለች፣ ምንም ስለማያመልጣት "ቆቅ" የምንላት ተማሪ።

ሁለት ጣቶቼን የእህቴ እጅ አንጓ ላይ አሳረፍኩ።

ምንም።

ትንሽ ወደ ላይ... ምንም።

አንገቷ ላይ... ምንም።

የጣቷን ጥፍር ተጫንኩና ለቀቅኩት። ነጣ። በሁለት ሰከንድ መልሶ መቅላት ነበረበት። እስከ ሃያ ቆጠርኩ...

እንደነጣ ቀረ።

ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረግኩ። ባዶ ቤት በር ላይ ጆሮ እንደመለጠፍ ነበር።

እህቴ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ሳብ አደረገችኝ...

"ለልጆቹ እንዳትነግራቸው" አለች በሹክሹክታ።

"እትዬ... ከመቼ ጀምሮ?"

"የመጣህ ዕለት። አውሮፕላንህ ዘገየ።"

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩ።

"ምን ላድርግ? በሩን ማን ይክፈትልህ?"

ቆቅ ሰሌዳው አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች።

"ስንት ልጻፍ፣ መምህር?"

"ሰባ" አልኩ።

ሐኪም ቤት አልወሰድኳትም። ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እሱን እሷ ፊት ከተናገሩት በኋላ አብራኝ ወደ ቤት መመለሷን እጠራጠራለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ መልስ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጇን ትዘረጋልኛለች። እኔም እያወቅኩ በአውራ ጣቴ እይዛታለሁ።

ድም... ድም... ድም...

የማን እንደሆነ አንነጋገርም።

ዛሬ ጠዋትም ያዝኳት።

ጠበቅኩ... ቦታ ቀየርኩ... ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩ...

አውራ ጣቴ ሥር ምንም የለም።

እህቴ ሌላኛውን እጇን እጄ ላይ ደርባ ቀስ እያለች አሻሸችው።

"ውይ፣ የኔ ወንድም" አለች። "አንተም በረደህ።"