አቧራ የሸፈነው ኮከብ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቼ በዓይኔ አይቻለሁ።

በኮሮናው ዓመት ነው። ሪያድ፣ ዑረይጃ ሰፈር። ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት። አሠሪዬ ማዳም ተኝታለች፤ እኔ ጣሪያው ላይ ልብስ አሰጣለሁ።

ወንድሜ ኡመር ከሞተ ገና ሳምንት አልሞላውም።

አገር ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። እዚህ ግን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላልነበረው ያገኘውን ይሠራ ነበር። በደወለ ቁጥር በግዙፍ ኮከቦች አወላለድ ጆሮዬን ያደነቁረው ነበር።

"ሂዳያ፣ ትልቅ ኮከብ ሲወለድ አይታይም። አቧራ ሸፍኖታል። ግን ከውስጡ ጋዝ በሁለት በኩል እየተምዘገዘገ ይወጣል። መኖሩን በዚያ ነው የምናውቀው።"

"ኸላስ፣ ጋዝህን ተውና ምሳህን ብላ" እለው ነበር። ምነው ደህና አድርጌ በሰማሁት...

እዚሁ ሪያድ፣ ሱለይ ውስጥ መጋዘን ሲሠራ ከጣሪያ ወደቀ። ሳላየው ቀበሩት።

እናቴ አልሰማችም። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ሽማግሌ ይዞ፣ ሊነጋጋ ሲል ደጅ ደርሶ ነው የሚያረዳው። ሊያረዳት የነበረው አጎቴ አህመድ ደግሞ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። እኔም "ኡመር ሥራ በዝቶበት ነው" እያልኩ እዋሻታለሁ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ በቪዲዮ።

ፊቷ አይታይም... ምስሉ ብናኝ ብቻ ነው።

"ሂዳያ" አለች በሹክሹክታ። "ትልቅ ኮከብ ሲወለድ አይታይም አሉ?"

የያዝኩት ልብስ ከእጄ ወደቀ።

"ማን ነገረሽ?"

"ጋዙ ግን ይወጣል... በሁለት በኩል።"

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ኡመርም ይህን ለእሷ አውርቶ አያውቅም።

"እማዬ... አጎቴ አህመድ መጥቶ ነበር?"

"እሱ በየት በኩል ይመጣል? መንገዱ ዝግ ነው።"

ከዚያ ማልቀሷን ሰማሁ።

"ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኳ። ከፈትኩ... ኡመር ነው። 'እማዬ፣ ሂዳያ ከብዷታል፣ እኔው ላርዳሽ' አለኝ። 'ከእንግዲህ አልታይሽም፣ አቧራ ሸፍኖኛል' አለኝ። ልጄ የራሱን ሞት ራሱ አረዳኝ።"

እዚያው ጣሪያው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እስከዚያች ሰዓት ለወንድሜ አልቅሼለት አላውቅም ነበር።

"አሁን የት አለ?" አልኳት።

"እግሩን አጥቤ ሸኘሁት።"

ስልኩን ወደ መሬት አዞረችው። ብናኙ ጠራ።

ሳፋ ይታያል፤ ውስጡ በሲሚንቶ የደፈረሰ ውሃ አለ።

ከነጋ ስንት ሰዓት ሆኖታል... ውሃው ግን እግር ገና አሁን የወጣበት ይመስል ይሽከረከር ነበር።