የኩሬው ቀይ ጨርቅ

ልጆችዬ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁም ወሬውን ተዉትና ስሙኝ።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እናትና አባቷ ያወጡላት ጥሩ ስም አላት፤ ግን በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «ቶሎ» ነው የሚላት። አፏን ስትፈታ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል እሱ ነው አሉ። ወተቷን ቶሎ፣ ጫማዋን ቶሎ፣ ጸሎቷን እንኳ ቶሎ! ሌላው ሰው ገና ዓይኑን ሲጨፍን እሷ «አሜን» ብላ ጨርሳለች። እዚህ ክፍል ውስጥም እንደዚያ የሚያደርግ አለ፤ ስሙን አልጠራም።

ቶሎ የምትኖረው ከአንድ ትልቅ መናፈሻ ጀርባ፣ አጥሩን ተጠግታ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እናቷ የመናፈሻው ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ማውራት! ባለ ሰፊ መስኮት የሆነች ትንሽ ክፍል ውስጥ ትቀመጥና ዛፎቹ ላይ በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ለሰፈሩ ሰው ወሬ ትነግራለች። «የልጆች የሥዕል ውድድር ከሰዓት በኋላ ይጀመራል። ጃንጥላ የጠፋበት መጥቶ ይውሰድ። አበባ የምትቀጥፉ ልጆች፣ እያየኋችሁ ነው!» ሰፈርተኛው ድምፅዋን ያምናል። እሷ አለ ካለች አለ ነው።

አባቷ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሲሄድ ብዙ ይቆያል፣ ሲመጣ አድሮ ይሄዳል። ቶሎ አባቷን አትጠግበውም ነበር።

መናፈሻው ውስጥ ኩሬ አለ፤ ኩሬው ላይ ደግሞ የሚቀዘፉ ጀልባዎች አሉ። የጀልባዎቹን ጠባቂ ሁሉም «ጋሼ ካፒቴን» ይላቸዋል፤ ባሕር በዓይናቸው አይተው ግን አያውቁም። ጋሼ ካፒቴን አንድ ጥብቅ ሥርዓት አላቸው። በኩሬው ወዲያኛው ጫፍ የብረት በር አለ። በሩ ሲከፈት ውሃው በቦይ ወደ ችግኞቹ ይወርዳል። ያን ጊዜ ኩሬው ላዩን ሲያዩት ጸጥ ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን ወደ በሩ ይስባል። ስለዚህ በሩ ከመከፈቱ በፊት ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ቦታ ባለው ምሰሶ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። ቀይ ካለ ማንም ጀልባ አይነካም። በሩ ሲዘጋ ቀዩ ወርዶ አረንጓዴው ይወጣል፤ ያኔ ቤተሰብ ሁሉ እንደ ልቡ ይቀዝፋል።

«ጨርቁን የሰቀለ ሰው ነው የሚያወርደው። የሌላ እጅ አይገባበትም» ይሉ ነበር ጋሼ ካፒቴን።

እንግዲህ የቤተሰብ ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን መናፈሻው በሰው ይሞላል። ቤተሰቦች ችግኝ ይተክላሉ፣ ገመድ ይጓተታሉ፣ ጀልባ ይቀዝፋሉ። የቶሎ አባትም ማታውን ከመንገድ ገባ።

«አባዬ፣ ነገ ጀልባ!» አለች ቶሎ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ።

«እሺ የኔ ቆንጆ። ከምሳ በፊት ግን መሄድ አለብኝ፤ ጭነት ይጠብቀኛል።»

ጠዋት ቶሎ እየሮጠች ወደ ኩሬው ሄደች። ጋሼ ካፒቴን ከሳጥኑ ውስጥ ቀዩን ጨርቅ እያወጡ ነበር።

«ውይ! ዛሬ ለምን ቀይ?»

«ከሰዓት ሰዉ ችግኝ ይተክላል። መሬቱ ጠዋት ውሃ መጠጣት አለበት። ጀልባው ከምሳ በኋላ ነው።»

«ከምሳ በኋላ አባዬ የለም!» የቶሎ ዓይን እንባ ሞላ።

ጋሼ ካፒቴን ጨርቁን ገመዱ ላይ አሰሩት። «ምን ላድርግሽ ልጄ? በይ ነይ፣ ዛሬ አንቺ ስቀይው» አሉና ገመዱን ሰጧት። ቶሎ ገመዱን ስትስብ ቀዩ ጨርቅ ከምሰሶው ጫፍ ደረሰ። «ጎበዝ! የሰቀልሽው አንቺ ነሽ፤ አደራ!» አሏትና በሩን ሊከፍቱ ከዛፎቹ ጀርባ ተሰወሩ። ከዚያ ሆነው ምሰሶው አይታያቸውም።

ቶሎ ብቻዋን ቀረች። ኩሬውን አየችው፤ የተኛ ይመስላል። ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። «ምንም የለውም እኮ» አለች በልቧ። «አንድ ዙር ብቻ ነው። አባዬ ደግሞ ጉልበተኛ ነው። ለነገሩ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ የሰቀለ ያወርዳል አላሉም?»

ልጆች፣ ልባችን ጥፋት ሲያምረው እንዴት ያለ ጠበቃ እንደሚሆን አያችሁ?

ግራ ቀኝ ተመለከተች። ቀዩን አውርዳ አጣጠፈችና ኪሷ ውስጥ ጨመረችው። አረንጓዴውን ሰቀለች። ከዚያ ወደ ቤት ፈረጠጠች።

«አባዬ፣ ተነስ! አረንጓዴ ወጥቷል!»

አባቷ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። «ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኛ! ጋሼ ካፒቴን ገመዱን ሰጡኝ።»

ይህች አነጋገር ውሸት ናት ወይስ እውነት? ቶሎ ራሷ መልሱን ታውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው አባቷን ፊት ለፊት ያላየችው። አባቷ ግን ደስ ብሎት ኮፍያውን መፈለግ ጀመረ። ይኼኔ የእናቷ ድምፅ ከዛፎቹ ላይ ተሰማ።

«ቤተሰቦች፣ መልካም ዜና! ከመስኮቴ እንደማየው ዛሬ አረንጓዴው ጨርቅ በጊዜ ወጥቷል። ጀልባ የምትፈልጉ ወደ ኩሬው!»

ቶሎ ክው አለች። እሷ ያሰበችው አንድ ጀልባ፣ እሷና አባቷ ብቻ ነበር። የእናቷን መስኮት አላሰበችውም። አባቷን ሳትጠብቅ ወደ ኩሬው በረረች።

ስትደርስ ሰው ጀልባዎቹን ከቧል። የመጀመሪያዋ ጀልባ መሃል ደርሳለች። ማን ይሆን ውስጧ ያለው? ለማንኛውም ወረፋ ሁልጊዜ አንደኛ የሚሆኑት እማማ መነጽር ናቸዋ! እማማ መነጽር ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ አንዱን መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ ሌላውን አናታቸው ላይ አድርገው ነው የሚሄዱት። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ከፊታቸው ተቀምጣለች። እሳቸው ወዲህ ይቀዝፋሉ፤ ጀልባዋ ወዲያ ትሄዳለች።

«ምን ሆናለች ይቺ? ዛሬስ አኩርፋለች!» አሉ። ዳር የቆመው ሰው ሳቀ። ቶሎ አልሳቀችም።

ሌሎች ቤተሰቦች ደግሞ ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ጀልባ እየፈቱ ነው። ቶሎ ገመዱን ያዘች። «አትግቡ! አትግቡ!»

«ምን ትላለች ይቺ ልጅ?» አለ ሕፃን ያቀፈ አንድ አባት። «አረንጓዴ እኮ ነው። እናትሽ ራሷ አሁን ነገረችን!»

ቶሎ እጇን ኪሷ ከተተች። ቀዩ ጨርቅ እዚያው አለ። ብታወጣው ሁሉም ያውቅባታል። እማዬንስ ከሥራ ቢያባርሯት? እጇ ኪሷ ውስጥ እንዳለ ደረቀች። ጀልባዋ ግን አልቆመችም።

አባቷ እያለከለከ ደረሰ።

«አባዬ፣ የውሃው በር ክፍት ነው!»

አባቷ ለምን፣ እንዴት ብሎ አልጠየቀም። ጀልባ መሳቢያውን ረጅም ቆልማማ ዘንግ አንስቶ በኩሬው ዳር ወደ በሩ ሮጠ። ቶሎም ጋሼ ካፒቴንን ለመጥራት አፏን ከፈተች፤ ግን ትዝ አላት። በሩ ጋ ውሃው ይጮኻል፤ ከዚህ ቢጠሯቸው አይሰሙም። እዚያ የሚደርሰው ድምፅ ማጉያው ብቻ ነው። ዞራ ወደ እናቷ ክፍል ሮጠች። እግሯ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም፤ ለእሷ ግን የቆመች መሰላት።

«እማዬ! በሩን ይዝጉት በያቸው! እማማ መነጽር እየተሳቡ ነው!»

እናቷ ማይክራፎኑን አጥፍታ በመስኮት አየች። «አረንጓዴ ነው እኮ። ጋሼ ካፒቴን በሩን ሳይዘጉ አረንጓዴ አይሰቅሉም። ሥራ ላይ ነኝ፣ አሁን ቀልድ…»

ቶሎ ቀዩን ጨርቅ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

እናቷ ጨርቁን አየች። ልጇን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን ቁጣውን ለሌላ ጊዜ አቆየችው። ማይክራፎኑን አበራች።

«ጋሼ ካፒቴን! በሩን ይዝጉ! ጀልባ እየመጣ ነው፣ አሁኑኑ ይዝጉ! ወገኖቼ፣ እናንተም ከጀልባ ውጡ!»

ሰዎቹ ግራ ገባቸው። አንዳንዱ ወደ ዛፉ፣ አንዳንዱ ወደ አረንጓዴው ጨርቅ ያያል። ሕፃን ያቀፈው ሰውዬ አንድ እግሩ ጀልባ ውስጥ፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ እንደሆነ ቆሟል። እናቷ ማይክራፎኑን በእጇ ሸፈነች። «ግቡ ያልኳቸው እኔ፣ ውጡ ያልኳቸው እኔ! የቱን ይመኑ?»

«እኔ ልንገራቸው» አለች ቶሎ።

እናቷ የሸፈነችበትን እጇን አነሳች። ቶሎ ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋች።

«ቶሎ ነኝ። አረንጓዴው ውሸት ነው። ቀዩን ያወረድኩት እኔ ነኝ። እማዬም ጋሼ ካፒቴንም አያውቁም። የውሃው በር ክፍት ነው። እባካችሁ ውጡ!»

ድምፅዋ ከየዛፉ ላይ ወደ ራሷ ተመለሰ። ከዚያ ሰዉ እየተጋፋ ከጀልባዎቹ ወጣ።

የእማማ መነጽር ጀልባ ግን ከበሩ አጠገብ ደርሳለች። ጋሼ ካፒቴን የበሩን የብረት መዘውር በሁለት እጃቸው ያሽከረክራሉ፤ መዘውሩ ዝጓል፣ እያቃሰተ ነው የሚዞረው። የቶሎ አባት ከበሩ ጎን ባለው ግንብ ላይ በደረቱ ተኝቶ ዘንጉን ዘረጋ። አልደረሰም። ትንሿ ልጅ ጮኸች።

«ተኚ! ወለሉ ላይ ተኚ!» አሉ እማማ መነጽር፤ ድሮ ወላዶችን በሚያዙበት ድምፅ። «አይዞሽ፣ ተንፍሺ!»

ቶሎ በመስኮቱ ሁሉን ታያለች። «እግዚአብሔር ሆይ፣ እባክህ አድናቸው። እባክህ። እባክህ።» የዚያን ቀን አሜን ለማለት አልቸኮለችም።

ጀልባዋ የበሩን ብረት ገጨችና ተንጋደደች። ውሃ ገባባት። የልጅቷ አንድ ጫማና እማማ መነጽር አናት ላይ የነበረው መነጽር ውሃው ውስጥ ወደቁ። የቶሎ አባት ወገቡ እስኪንጠለጠል ወደ ፊት ተሳበ። ዘንጉ የጀልባዋን ቀለበት ያዘ! መዘውሩም ለመጨረሻ ጊዜ ዞረ፤ በሩ ተዘጋ፤ ውሃው ለቀቃቸው፤ ጀልባዋም በዘንጉ ተስባ ዳር ደረሰች።

ልጆች፣ እዚህ ላይ እኔም ሁልጊዜ እተነፍሳለሁ።

ቶሎ ቀዩን ጨርቅ ይዛ ሄዳ እማማ መነጽር እግር ሥር ተንበረከከች። «ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ መነጽር የልጅ ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ አዩዋት። «አሁን ልቆጣሽ ብል አቅም የለኝም። ነገ ነይ፣ እቆጣሻለሁ።»

እውነትም ቶሎ በማግስቱ ሄደች። እሳቸውም አንጀታቸው እስኪርስ ተቆጧት፤ ከዚያ አቅፈው ግንባሯን ሳሟት።

እናቷ ሳታጣራ በመናገሯ ከአለቃዋ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ቶሎ አጠገቧ ቆማ ሰማች። ጋሼ ካፒቴን ደግሞ ቀዩን ጨርቅ ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ሰቀሉትና ገመዱን አስረው ሄዱ። ቶሎን ከሁሉም በላይ ያመማት ይኼ ነው።

የአባቷም ሰዓት ደረሰ። እስከ መኪናው ሸኘችው።

«አባዬ፣ ካንተ ጋር ለመሆን ብዬ ነው።»

አባቷ ጎንበስ አለ። «የኔ ልጅ፣ እኔ መቼ ጀልባ ናፈቀኝ? የናፈቅሽኝ አንቺ ነሽ። ቀይ ነው ብትዪኝ ከቀዩ ሥር አብረን እንቀመጥ ነበር።» ሳማትና ሄደ። ቶሎ መኪናው ከዓይኗ እስኪሰወር አለቀሰች።

ቀን አለፈ፣ ሳምንታት አለፉ። ቶሎ ጠዋት ጠዋት እየሄደች ጀልባ ትጠርጋለች፤ ገመዱን ግን አልጠየቀችም። አንድ ጠዋት ጋሼ ካፒቴን ቀዩን ጨርቅ ከሳጥኑ አወጡ። ቆም ብለው አዩዋት። ከዚያ ገመዱን ዘረጉላት።

የዚያን ቀን አባቷ ቤት ነበር፤ እንደ ልማዱ ከምሳ በፊት ሊሄድ። ቶሎ ይህን እያወቀች ቀዩን እስከ ጫፍ ሰቀለችው። ከዚያ አባቷን ጠርታ ከምሰሶው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ብርቱካን እየላጡ ስለ መንገዱ አወራት።

እማማ መነጽር ከሩቅ የልጅ ልጃቸውን እየጎተቱ መጡ። «እናንተ! አዲሱ መነጽሬ አያሳየኝም። ጨርቁ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ ነው እማማ!»

«ማነው የሰቀለው?»

ቶሎ ቀና ብላ ጨርቁን አየችው። «እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ቀይ ነው» አሉና እማማ መነጽር የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ችግኞቹ ዞሩ።

ልጆችዬ፣ በአደራ የተሰጠንን ነገር ለራሳችን ደስታ ብለን አንለውጥ፤ ካጠፋንም ቢያሳፍረን እንኳ እውነቱን ወዲያው እንናገር።