አያሌው ከጅቡቲ ያመጣው ድንጋይ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ አሁንም አላምንም፣ ይኼን አስቀድሜ የምነግራችሁ «ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶ ነው» የምትሉ ስለማትጠፉ ነው። ቡሬ ውስጥ ፎቶኮፒ ቤት አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የማባዛ፣ ወረቀት ሲጎርስብኝ ማሽኑን ፈትቼ የምገጥም ሴት ነኝ፣ ጋኔን ያማረው ሌላ ቤት ይሂድ።

ሱቄ ውስጥ ግን ሌላው ፎቶኮፒ ቤት የሌለው ነገር አለ፣ የጨው ውኃ አኳሪየም፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ። ባለቤቴ ጌትነት ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ሰው ከዚያ ቴሌቪዥን ሲያመጣ እሱ ዓሣ አመጣልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሊያበላቸው ሲል በመኪናው ቁልፍ የመስታወቱን አንድ ማዕዘን ኳ ኳ ያደርጋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ኳ፣ ዓሦቹም ተንጋግተው ወደ ማዕዘኑ ይወጣሉ። ታሞ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፣ እኔ አንድም ቀን አንኳኩቼ አላውቅም፣ እጄ እምቢ አለኝ። ዘመድ ሁሉ «ሽጭና ተገላገይው» ሲለኝ አሻፈረኝ ብዬ በየሳምንቱ ጨው እየለካሁ ውኃ ስቀይር ኖርኩ። ልጅ አልወለድንም፣ ከዓሦቹም የቀሩኝ ሁለት ናቸው፣ ብርቱካንማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ። እነሱ ከሞቱ ከጌትነት እጅ በሕይወት የቀረ ነገር የለኝም።

ዓሦቹ አንድ በአንድ ሲያልቁብኝ መላ ያመጣው የሥራ ጓደኛው አያሌው ነው። ውኃው የደከመው የሚያጠራው ነፍስ ያለበት፣ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት የሚኖሩበት ድንጋይ አንሶት ነው ብሎ፣ ጥቅል ጎመን የሚያህል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የባሕር ድንጋይ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ከጅቡቲ ይዞልኝ መጣ። «እንዳትቸኩይ እህቴ» አለኝ፣ «መንገድ ላይ ግማሹ ነፍሱ ሞቷል፣ እንዲሁ ብትከችው ውኃውን መርዞ ዓሦቹን ይፈጅልሻል፣ ለብቻው ባልዲ ውስጥ በጨው ውኃ አኑሪው፣ ሽታው ድራሹ እስኪጠፋ ጠብቂ።» እንዳለኝ አደረግሁ፣ ለባልዲውም የራሱን ፓምፕ ገጠምሁለት።

በሁለተኛው ሳምንት ከባልዲው፣ በፓምፑ ጩኸት መሐል፣ ጠቅ የሚል ነገር ይሰማኝ ጀመር። አያሌው ጋ ስደውል ሳቀብኝ፣ ቀዳዳው ውስጥ ጥፍሯን የምታስጮህ፣ ሽሪምፕ የሚሏት ትንሽ የባሕር ፍጥረት ልትኖር ትችላለች አለኝ፣ እኔም አምኜ ተውኩት። አያችሁ፣ ምክንያት ከተሰጠኝ የምቀበል ሰው ነኝ።

አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ሱቁ ዝግ ነው፣ አብረውኝ ያሉት የጌትነት እናት እማማ የሹምነሽ ብቻ ናቸው፣ ከቅዳሴ መልስ ጠበል በጀሪካን ይዘው መጥተው ወንበር ላይ አረፍ ብለዋል። ፓምፖቹ ስለቆሙ ዓሦቼ አየር እንዳያጥራቸው ከገንዳው በኩባያ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሳለሁ። ለአፍታ እጄን ሳሳርፍ፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት፣ ከባልዲው መጣ። ኳ ኳ። ትንሽ ቆየ። ኳ።

እመኑኝ፣ ዓሦቹ ከገንዳው ሥር ተነሥተው አፋቸውን እየከፈቱ ወደዚያች ማዕዘን ወጡ። እንደገና ኳ ኳ፣ ቆየት ብሎ ኳ። ሽሪምፕ መቆየትን ከማን ተማረች? ፈራሁ ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል፣ ደስ አለኝ፣ እንባዬ እስኪመጣ ደስ አለኝ።

እማማ የሹምነሽ ግን አማትበው ተነሡ። «ምን ጉድ ነው ይኸ? አንች ልጅ፣ ምን አምጥተሽ ነው ቤትሽ የዶልሽው?»

ሳልደርስባቸው «በስመ አብ» ብለው የጀሪካኑን ጠበል በሙሉ ባልዲው ውስጥ ገለበጡት፣ ውኃው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«እማማ! ጨው የሌለው ውኃ ይገድለዋል እኮ!» ብዬ ጮኽሁባቸው፣ አማቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«ይግደለዋ! ሲያንኳኳ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ! የጌትነት ነው፣ ዓሦቹን ሲጠራ እንዲያ ነበር የሚያንኳኳው!»

ባዶውን ጀሪካን እንደያዙ ቀሩ። እሳቸው ይኼን አያውቁም፣ ልጃቸው ዓሣ ሲያበላ አይተው አያውቁም። «እኔ ነኝ እንግዲህ ልጄን ዝም ያሰኘሁት?» አሉ ቀስ ብለው።

ድንጋዩ ከዚያ ወዲያ አንድ ድምፅ አላሰማም። ወሬው ሲደርስ ዘመድ መጥቶ «ወንዝ ወርውሪው» አለኝ፣ «አልወረውርም» አልኩ። የባልዲውን ውኃ ደጋግሜ ቀየርኩ፣ ያው ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ወር ጠበቅሁና ገንዳው ውስጥ ከዓሦቼ ጋር አስቀመጥሁት። አልሞቱብኝም፣ እንዲያውም ውኃው ጠራ።

ባለፈው እሑድ እማማ የሹምነሽ ምሳ ሰዓት ላይ መጡ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሱቄን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ወንበር ስበው ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉና «በይ ፓምፑን አጥፊው» አሉኝ። አጠፋሁ። ምንም የለም፣ በመድኃኔ ዓለም እምላለሁ፣ ምንም። ዓሦቹ ግን ተነሥተው ወደ ማዕዘኑ ወጡ፣ እማማም ፈገግ ብለው «እሽ ልጄ፣ እሽ» አሉ።

«ምን ሰሙ?» አልኳቸው።

«አንች አልሰማሽም?» አሉኝ፣ አዘኑልኝ መሰለኝ።

አልሰማሁም። እንዳልኳችሁ አላምንም፣ ማንም ቢመጣ ድንጋዩንም አልጥልም። ግን ሁለት ዓመት ጨው የለካሁት እኔ፣ ውኃ የተሸከምኩት እኔ፣ ለምን ለሳቸው ብቻ? ከእሑድ ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ዘግቼ፣ ፓምፑን አጥፍቼ፣ ጆሮዬን መስታወቱ ላይ አድርጌ እቆማለሁ። እኔ የሚሰማኝ የለም። ዓሦቹ ግን በየቀኑ ይወጣሉ።