ሰማያዊው የፖስታ ሣጥን

የገዛ ከተማውን ሌላ አገር አስመስሎ ሲያበቃ «የአገር ባህል አሳደግሁ» ብሎ ማኅተም የሚመታ መንግሥት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ኑ። ያን ሐሙስ ቀትር ላይ አንድ ሙሉ መንገዳችን ለፊልም ሲባል ቺካጎ ሆኖ ነበር። የመኪናው ታርጋ የቺካጎ፣ ባንዲራው የአሜሪካ። የእኛ የነበረው ሬሳው ብቻ ነው።

ሟቿ ዶክተር ሲግሩን ባርዳል ትባላለች። የፊልም ሥራችንን ከመንግሥት ፖሊሲ ጋር ምን እንዳቆራኘው አሥራ አንድ ዓመት አጥንታለች። ሰኞ በዋና ከተማችን በኦታዋ፣ በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ጥናቷን ልታቀርብ ነበር። አሁን ግን የፊልሙን ሰዎች ልታነጋግር በመጣችበት አሮጌ የቀረጻ መጋዘን፣ በጓሮው ደረጃ ሥር አንገቷ ተሰብሮ ተኝታለች። ቦርሳዋ ተከፍቷል፤ ጥናቱ የለም።

መርማሪዋ ሳጅን ሮዛሊ ዴሎርም ደረጃውን ወጣች። ላይኛው እርከን ላይ የሟቿ የኮት ቁልፍ ከነክሩ ተበጥሶ ወድቋል።

«አልወደቀችም» አለች። «ታግላለች፤ ከዚያ ተገፍታለች።»

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ሕንፃው ውስጥ ከሟቿ ሌላ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ የፊልሙ ፕሮዲውሰር ማርሻ ፔነር ናት።

«ክፉ አልናገርም» አለች ማርሻ። «ግን ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጓዳ ስትበረብር የኖረች ሴት ናት።»

«ጓዳሽ ውስጥ ምን አገኘች?»

«ምንም! ወረቀታችን ሙሉ ነው።»

ሁለተኛው ጋስተን ላቫሌ ነው፤ ለፊልም ዜግነት የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ሹም፣ ቀረጻውን ሊጎበኝ የመጣ። በሕጋችን ዋና ዋናዎቹ ሰዎች፣ በተለይ ዳይሬክተሩ፣ ካናዳውያን ከሆኑ ፊልሙም ካናዳዊ ይባላል፤ የመንግሥት ገንዘብም ያገኛል። ታሪኩ የማንም ይሁን፣ ደንታ ያለው የለም።

«እኛ ወረቀት እንመረምራለን እንጂ ሰው አንመረምርም» አለ ላቫሌ።

«የሞተው ግን ሰው ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱ በእኛ ሥልጣን ሥር አይወድቅም።»

ሦስተኛው ዳይሬክተሩ ኬድ ሮሊንስ ነው።

«እዚሁ ካናዳ፣ የሬጃይና ከተማ ልጅ ነኝ፤ የአገሬ ፊልም ያንገበግበኛል» አለ።

«ታዲያ ቺካጎን ምን አመጣው?»

«እመቤቴ፣ ሬጃይናን ማን ከፍሎ ያያል?»

ሦስቱም ተፈተሹ፤ ምንም አልተገኘም። ሮዛሊ በጓሮ በር ወጣች። ከበሩ አጠገብ አንድ ሰማያዊ የአሜሪካ ፖስታ ሣጥን ቆሟል።

«እንዳትደገፊው፣ ሳጅን!» አለ አናጢው ኦረስት። «ስስ ጣውላ ነው። ዛሬ ጠዋት ነው ያቆምኩት፤ ከሥሩም ክፍት ነው።»

«እስቲ አንሳው።»

አነሳው። መሬቱ ላይ ቴምብር የተለጠፈበት ወፍራም ፖስታ ተጋድሟል። ሲግሩን የጻፈችው የኦታዋ አድራሻ ተሰርዞ፣ በምትኩ የሰው ስም የሌለው፣ አሜሪካ ውስጥ የኦሃዮ አድራሻ ተጽፎበታል።

ሮዛሊ ፖስታውን ከፍታ የጥናቱን ዋና ዋና ነገር እዚያው ቆማ፣ ኦረስት እየሰማ አነበበች። የዳይሬክተሩ የዜግነት ወረቀት ሐሰተኛ ነው ይላል። ሲግሩን ይህን ለጽሕፈት ቤቱ ሁለት ጊዜ ጽፋ፣ ሁለት ጊዜም «ወረቀቱ የተሟላ ነው» ተብላለች። ስለዚህ ጥናቱ ኦታዋ ቢደርስ ማርሻ ፊልሟን፣ ላቫሌ ወንበሩን፣ ኬድ ሁሉንም ያጣል። ሦስቱም ምክንያት አላቸው።

ለቀረጻ በተሠራው የውሸት የቺካጎ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ጥናቱን ይዞ በጓሮ ወጣ» አለች። «ሠራተኞቹ ሲመለሱ ሰማ። ለማቃጠል ጊዜ የለም፤ ይዞት ቢገኝ ደግሞ አለቀለት። ቴምብሩን አየና አድራሻውን ቀይሮ ሊልከው ወሰነ። የእኛ አገር የፖስታ ሣጥን ቀይ ነው፤ እውነተኛው ከበሩ አሥር እርምጃ አይርቅም። ማርሻ፣ ሰማያዊውን ያሠራሽው አንቺ ነሽ፤ የውሸት መሆኑን ታውቂያለሽ። አቶ ላቫሌ፣ እርስዎ እዚሁ ተወልደው፣ ዕድሜዎን ሙሉ ደብዳቤ የከተቱት ቀይ ውስጥ ነው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚሮጠው ወደ ልጅነቱ ነው። ያንተ እጅ፣ ኬድ፣ ወደ አሜሪካው ሰማያዊ ሮጠ።»

«ቀለም ማስረጃ ሆኖ ያውቃል?» ብሎ ሳቀ ኬድ።

«አይሆንም። ስለዚህ ኦሃዮ፣ አድራሻው ያለበት ቤት አስደወልኩ። አንዲት አሮጊት አነሱ። ከዊኒፔግ ፖሊስ መሆኑ ሲነገራቸው ‹ኬድ ልጄ ደህና አይደለም ወይ?› ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው።»

ኬድ ተቀመጠ። «ስጪኝ ብቻ ነው ያልኳት... አልሰጥም አለች» አለ።

ላቫሌ ቦርሳውን ዘጋ። «እንግዲህ የግለሰብ ወንጀል ነው። ጽሕፈት ቤታችን የሚሰጠው አስተያየት የለም።»

«ቁም አንተ ሰውዬ!» አለ ኦረስት ከበሩ ላይ። «ሠላሳ ዓመት ይህን ከተማ ቺካጎ ሳደርግ ኖርኩ፤ አንድ ቀን ዊኒፔግን ዊኒፔግ አድርገው ያለኝ የለም። ‹የአገር ፊልም› እያላችሁ ማኅተም የምትመቱት እናንተ ናችሁ። ይቺ የሞተችው ልጅ ጮሃላችሁ ነበር። ሰኞ ኦታዋ ሂድና ኮሚቴው ፊት በእሷ ቦታ ተቀመጥ። ከዚያ አገር እየሰማህ መልስ፦ ደብዳቤዎቿን አንብቦ ‹የተሟላ ነው› ያለው ማን ነው?»