አውድማ ላይ የተጠራው ሰባተኛ

ይኼ የሆነ ነገር ነው። ውሸት የመሰለው ታች ጋይንት መጥቶ አባቴን ይጠይቅ... ድፍረቱ ካለው!

ወሩ ጥር ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው አውድማችን ገብስ እናበራይ ነበር።

ወንድሜ ዓለምነህ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማራል፤ ለማስተርሱ የሚፈልገው ኳርክ የሚባል ነገር ነው። አቶም ውስጥ ፕሮቶን፣ ፕሮቶን ውስጥ ኳርክ... ያቺን ብናኝ ፍለጋ ነው እንግዲህ ይኼ ሁሉ ትምህርት!

አባባ ውኃ ሊጠጡ ወደ ቤት ሲወጡ ዓለምነህ ስልኩን አቀበለኝ።

«ሕሊና፣ ቅረጪኝ። ለጓደኞቼ ልላክላቸው።»

«ምኑን? ገለባ መምሰልህን?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም! ፈረንጆቹ መሬት ሥር ክብ ሠርተው ፕሮቶን ያላትማሉ። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ይዞርና... ጓ! ከስብርባሪው ውስጥ አዲስ ኳርክ እንፈልጋለን። የሚታወቁት ስድስት ናቸው። ሰባተኛው ካለ፣ ከሁሉም ይከብዳል።»

በሬዎቹን ፈታ። ቦራን በቀኝ፣ ጉራቻን በግራ አዞራቸው። እነሱ ግን ቀስ ብለው ተላለፉ። ሳቅሁበት።

በእኛ አገር አውድማ ላይ ነገር በስሙ አይጠራም። በሬውም መንሹም የአውድማ ስም አላቸው። የሚሰማ አለ ይባላል...

እሱ ግን ስሙን ጠርቶ ጮኸ።

«ሰባተኛው ኳርክ! ካለህ ውጣ!»

ዝንቦቹ ከበሬዎቹ ዓይን ላይ ባንዴ ተነሡ።

ከበሬዎቹ ኮቴ የተነሣው ገለባ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። አልወረደም።

በሬዎቹ መሮጥ ጀመሩ...

«አቁማቸው!»

«እኔ አይደለሁም...» አለኝ በሹክሹክታ።

ተላተሙ።

የራስ ቅላቸው እንደ ደረቅ ግንድ ተሰነጠቀ። የቦራ ቀንድ የጉራቻን አንገት ዘልቆ ወጣ። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ።

ከመሀላቸው ምንም አልታየኝም። ብቻ... ገለባው አንድ ቦታ ላይ ጭፍልቅ አለ።

ዓለምነህ እጁን ሰደደ።

«ተው!»

«ሕሊና... ይከብዳል...»

እጁ መሬት ገባ። እስከ አንጓው። እስከ ክርኑ። አጥንቱ ሲፈጭ ይሰማኛል። በሌላ እጁ ጎተትኩት፤ ትከሻው ወለቀ። መሬቱ ግን እየዋጠው ነው።

አባባ በጩኸታችን ደረሱ።

«ምን ብሎ ጠራው?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

«በስሙ...»

ከአውድማው ዳር የተጋደመውን መጥረቢያ አነሡ።

«አባባ፣ ተዉ! ልጅዎ እኮ ነው!»

«ልጄ ስለሆነ ነው። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

አልጨፈንኩም። ሁለት ጊዜ መቱ። አንዱ አልበቃም...

ዓለምነህ በሕይወት አለ። ክንዱ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ አየሁ። አውድማችን ትንሽ ያዘቀዝቃል፤ ውኃ ብትደፉበት ወደ ገደሉ ነው የሚወርድ።

የበሬዎቹ ደም ግን ገና አልረጋም።

በቀጭኑ፣ ቀስ እያለ... ሽቅብ፣ ክንዱ ወደ ሰመጠበት ቦታ ይሄድ ነበር።